በቀኙ ማን ሊቆም ነው?

ውድ አበልጄ ተድላ፣

ይህን የምትጽፈው ረውዳ ናት። የመሐመድአሚን ልጅ፣ ከቦንጋ ገበያ በላይ ያለውን ሱቅ አሁን የያዘችው። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። «ውድ» የሚለውንም እሷ ናት የጨመረችው፤ ደብዳቤ ያለሱ አይጀመርም ብላኝ። ይቆይ ብያታለሁ። አማርኛዬ የገበያ አማርኛ መሆኑን ታውቃለህ፤ ስሳሳት ታቃናለች፣ ቃል ሲጠፋኝ በካፊኖኖ እነግራትና ትመልሰዋለች። ማለሳለስ ግን አትችልም። አስምያታለሁ።

በቤቴ የሚጽፍ ጠፍቶ አይደለም። የታላቁ ልጄ ሚስት አስተማሪ ናት። ነገር ግን በቤቴ የተጻፈ ነገር ከልጄ ከቢሻው ጆሮ ይደርሳል፤ ያቺ አንዷ ጆሮው ደግሞ ለቤት ወሬ ሲሆን ከሰው ሁለት ጆሮ ትበልጣለች። ስለዚህ ከማንኪራ ወርጄ እዚህ ሱቅ ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምናገረው።

ስልክ ብደውል አታነሳም። አንድ ቀን ልጅህ አነሳችና «አባዬ ተኝቷል» አለችኝ፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ! ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ የሰው በር የምታንኳኳ ሰውዬ፣ ጅማ ሄደህ እንቅልፍ ተማርክ? ደብዳቤ እንኳ ስትተኛ ትራስህ አጠገብ ይጠብቅሃል።

የምፈልገውን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ ምሬቴን ስትሰማ ነገሩ እንዳይጠፋብህ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ቢሻው ወደ ጦሩ ይመለሳል። መርምረውት «ለግዳጅ ብቁ» ብለውታል። ብቁ አይደለም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እናቱ ታውቃለች፣ አንተ ታውቃለህ። እኛን የሚሰማን የለም፤ አንተን ግን ይሰሙሃል። ከሰኞ በፊት መጥተህ ለሐኪሙ እውነቱን እንድትናገር ነው የምጽፍልህ። ሌላው ምሬት ነው። ምሬቱንም ግን ትሰማታለህ፤ ሁለት ጆሮ አለህ።

ልጁን ጆሮ ደግፍ የያዘው ጊዜ እኔ ጫካ ነበርኩ። በትኩሳት ሲቃጠል አዝለህ ከማንኪራ ያወጣኸው አንተ ነህ። ያኔ መንገዱ መንገድ አልነበረም፣ ዝናቡም የኛ ዝናብ ነው። እየሮጥኩ ቦንጋ ስደርስ ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ፤ እስከ ጉልበትህ ጭቃ፣ ልጁ ጭንህ ላይ ተኝቶ። «ተርፏል» አልከኝ። ጥቂት ቆይተህ፣ «ቀኝ ጆሮው ግን ሞታለች ብሎኛል ሐኪሙ» አልክ። ከሐኪሙ አፍ የሰማኸው አንተ ነህ። እኔ የሰማሁት ካንተ አፍ ነው። እንግዲህ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?

ያን ቀን በልቤ ያልኩትን እስከ ዛሬ ነግሬህ አላውቅም። ይህ ሰው ቢገድለኝ እንኳ ሬሳዬ አይከሰውም አልኩ። አየህ፣ ሰው በደስታ ቀን ምን ዓይነት ስለት እንደሚሳል!

አሁን ስለ ሥራችን ልናገር ነው። አንተ ታውቀዋለህ፤ ለረውዳ ስል ነው፣ እሷ ማር የምታውቀው በጣሳ ነው። ረውዳ፣ ቀፎ የሚሰቀለው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ማር የሚቆርጠው ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ፣ ንቡ ፊቱን ሸፍኖት ምንም አያይም። ዓይኑ ከታች የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ዛፉን እየዞረ ይጮኻል፤ አደጋው ባለበት በኩል ይቆምና ከዚያ ይጣራል። ከላይ ያለው ድምፁ በመጣበት በኩል አይረግጥም። ሕጉ ይኸው ነው። እኔ ስወጣ ከታች የሚጮኸው ተድላ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን በሱ ድምፅ እየመራሁ ኖርኩ። አንድ ቀን አልጣለኝም። ይህን ጻፊው፣ እውነት ነው።

ታዲያ አንድ ጆሮ ያለው ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ከወዴት እንደመጣ ግን አያውቅም። በቀኙ ሆነህ ብትጠራው ወደ ግራው ይዞራል። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ዞራ በግራው ነው የምትጠራው። በቤታችን የሱ መቀመጫ ግድግዳው በቀኙ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ከዚያ አናስነሳውም።

ጢም ማብቀል ሲጀምር «እኔም ልውጣ» አለ። ምን ቦታ እንደነበርን ታስታውሳለህ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ያ አጭሩ ዛፍ። «እስቲ ልፈትነው» ብለህ ከታች ቆምክ። ልጁ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ወጣ። አንተ በቀኙ ዞረህ «ቢሻው!» ብለህ ጮህክ። ካንተ የሸሸ መስሎት ወደ አንተ ረገጠ፣ ቅርንጫፍ በሌለበት። ሣር ላይ ነው የወደቀው፣ ምንም አልሆነም፣ ይስቅም ነበር። ያንተ ፊት ግን አመድ መሰለ። «ይህ ልጅ ዛፍ አይወጣም» አልክ። «ማተቡን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ እኔ ብያለሁ።» አልቅሶ ለመነህ። እኔ እንኳ አዝኜለት «ትንንሹን ዛፍ እንኳ…» ስል፣ «ኢሳያስ፣ ዝም በል! ልጅህን ልትቀብር ነው?» ብለህ ተቆጣኸኝ። ልክ ነበርክ።

ዛፍ የከለከልከውን ልጅ ጦርነት ፈቀድክለት።

እዚህ ላይ ረውዳ ብዕሯን አቆመች። ቀጥይ።

የዘመቻው ጥሪ የመጣ ጊዜ አንተ የቀበሌያችን መልማይ ኮሚቴ ሽማግሌ ነበርክ። እኔ የልጁን ስም ስሰማ አልደነገጥኩም። በምርመራ ይመልሱታል፣ ተድላም እዚያው አለ አልኩ። ፈሪ አባት አትበለኝ ደግሞ። ታላቁ ልጄ ለውትድርና ሲሄድ መርቄ የሸኘሁት ራሴ ነኝ፤ እናቱ ስታለቅስ ተቆጥቻለሁ። እሱ ግን ሁለት ጆሮ ነበረው። ቢሻው አልተመለሰም። መኪና ላይ ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ በፊቴ አለፈ። አንተን በዓይኔ ፈለግሁህ፤ ከሰው ኋላ ሆነህ ጫማህን ታያለህ።

እንዴት እንዳለፈ ያወቅሁት ክንዱን ቆስሎ ሲመጣ ነው። ቆጮ እየበላን ጠየቅሁት።

«በምርመራው እንዴት አለፍክ?»

ሳቀ። «ጋሽ ተድላ አስተማረኝ።»

«ምን ብሎ?»

«መርማሪው አንዷን ጆሮህን በጣትህ ድፈን፣ በሌላዋ የምልህን ድገም ይልሃል። ደህናዋን ድፈን ሲልህ ጣትህን ላላ አድርግ። የደፈንክ ምሰል እንጂ አትድፈን አለኝ። አየህ አባዬ፣ ቀላል ነው» አለና እያደረገ አሳየኝ።

የያዝኩትን ቆጮ መልሼ አስቀመጥኩ። ጣቷን አየኋት። በእርግጥም የደፈነች ትመስላለች።

ሽማግሌ ልከህብኝ ነበር። ቃልህን እንዲህ ብለው አደረሱኝ፦ «ልጁ እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖት ነው። እንደ ሰው ልቆጠር፣ ከእኩዮቼ አትነጥለኝ ብሎት ነው። ደግሞም ኮሚቴው አንድ ሰው ጎድሎት ነበር።»

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ለምኖሃል፣ አልጠራጠርም። በዛፉስ ጊዜ አልለመነህም? ያኔ እንባውን አይተህ ጨከንክ፤ ለዚህ ነው የክርስትና አባት የሚባል ነገር የተፈጠረው። ሁለተኛው ግን ያንገበግበኛል። አንድ ሰው ጎደለ! ታዲያ ምነው እኔን አልጠራኸኝም? ጥርስ የለኝም፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ወታደር ለመቀስቀስ እንኳ ሳሌ ይበቃል፤ ሁለት ጆሮ ግን አለኝ። ረውዳ ሳቀች። ትሳቅ። እኔ ሽማግሌዎቹን ማር አብልቼ ሸኘኋቸው፤ ላንተ ግን መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሱ ይህ ነው።

ቀጸላ ስለሚባል ልጅ ማንም አልነገረህም። እኔ ልንገርህ።

የቢታ ገነት ልጅ ነው። ከሥልጠና ጀምሮ ከቢሻው ጋር ነበር። ቢሻው ስለ ጆሮው ለማንም አልተናገረም፤ ቀጸላ ግን በራሱ ደረሰበት። ለአለቃ አልተናገረም፣ አላሾፈበትም። በቀኙ ቆመ። ሲጓዙ በቀኙ፣ ሲበሉ በቀኙ፣ ጥበቃ ሲወጡ በቀኙ። ሰው ከቀኝ ሲጣራ ቀጸላ በክርኑ ይነካዋል። ተድላ፣ አንተ ከታች ሆነህ ለኔ የምታደርገውን ያ ልጅ ያለ ማር ያለ ዛፍ ያደርግለት ነበር።

አንድ ማለዳ ተኩስ ተከፈተ። ቢሻው ሰማ፤ ከወዴት እንደሆነ ግን አላወቀም። ከተኩሱ ልሸሽ ብሎ ወደ ተኩሱ ተነሳ። ቀጸላ «በዚህ ነው!» ብሎ ገፍቶ ጣለው። ቢሻው ሲወድቅ ክንዱን ተመታ። ቀጸላ ግን ቆሞ ነበር።

ለቅሶ ልደርስ ቢታ ገነት ሄድኩ። ቢሻውን «አብረን እንሂድ» ስለው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ብቻዬን ሄድኩ። እናቱ አልጣሽ ትባላለች። ከሰው መሐል ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እርስዎ የማንኪራው ልጅ አባት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ልጄ ስልክ በደወለ ቁጥር ያነሳው ነበር። ‹እማዬ፣ በቀኙ ካልቆምኩለት ቀን የማይመሽለት ጓደኛ አለኝ› ይልና ይስቃል። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለምንድነው በቀኙ?»

እዚያ ምን እላለሁ? ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ዋሽቼ አላውቅም፣ በለቅሶ ቤት አልጀምርም። ነገርኳት። ጆሮውን፣ ምርመራውን፣ ጣቱን። ያንተን ስም ብቻ ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት እኔም አላውቅም፤ አበልጅነት የማይለቅ በሽታ ነው።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ተነስ ከቤቴ ትለኛለች ብዬ ዱላዬን ያዝኩ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«እንግዲህ አሁን በቀኙ ማን ሊቆም ነው?»

ልጇን ቀብራ ስለኔ ልጅ ጠየቀችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ጥያቄ ያዋረደኝ የለም። ላንተ ያስተላለፍኩት ይህን ጥያቄ ነው።

ክንዱ ሲድን እንደገና ምርመራ ተባለ። እኔም ቀድሜ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበለኝ።

«ዶክተር፣ ልጄ በቀኙ አይሰማም» አልኩት።

«አባባ፣ በዚህ በር የገባ አባት ሁሉ ልጄ በሽተኛ ነው ይለኛል። ጠዋት አንዱ ልቡን ነው አለኝ፣ አንዱ አስም ነው አለኝ። ልጆቹን ስጠራቸው እየሮጡ ነው የሚገቡት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማንን ልመን?»

«እኔን እመን። እነዚያ ይዋሹ ይሆናል።»

ፈገግ አለ። «እነሱም እንዲሁ ነው የሚሉኝ።»

«እሺ፣ ጣቱን ተመልከት። ጆሮውን ሲደፍን ጣቱን ተመልከት።»

ቢሻው ተጠራ፣ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ሲጨርሱ ሐኪሙ ወጥቶ «አየሁ አባባ፣ ደፍኗል። ያልኩትንም ሁሉ ደግሟል» አለኝ። እንግዲህ የደፈነ መምሰልን ካንተ ተምሮ ማን ይወድቃል! ቢሻውም ከኋላው ብቅ ብሎ፣ «አባቴ አርጅቷል ዶክተር፣ አትፍረድበት» አለ። እኔን! ሰው ፊት!

ሐኪሙ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጎን ወሰደኝ። «በመሣሪያ የሚመረመርበት ቦታ አለ» አለኝ። «ጣትም፣ ማስመሰልም የማይሠራበት። ወደዚያ ለመላክ ግን ከአባት ቃል ሌላ ምክንያት ያስፈልገኛል። ሲመለመል ጤነኛ ነው ብሎ የመሰከረለት ሰው ካለ፣ ያ ሰው ራሱ መጥቶ አይደለም ቢለኝ፣ ያን ዕለት እልከዋለሁ።»

ያ ሰው ጅማ ተኝቷል አልኩት።

ስንወጣ ልጁን በመንገድ ላይ አስቆምኩት። በግራው ዞሬ። «ምን ፈልገህ ነው? ማንስ አስገደደህ? እውነቱን ብትነግራቸው ማን ፈሪ ይልሃል?» አልኩት። ባጃጆቹ በአጠገባችን ሽቅብ እየጮኹ ያልፋሉ፤ በቀኙ አንዷ ልትነካው ደርሳ ጎትቼ አዳንኩት፣ አላወቀም። ከዚያ «ቀጸላ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው» አለኝ።

ገባህ? ይህ ሊዋጋ የሚሄድ ሰው አይደለም። ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው ነው። ቢታ ገነት መሄድ ስላቃተው ቀጸላ ወደወደቀበት ሊሄድ ነው።

ስማኝ እንግዲህ። መጥተህ ብትናገር ሰው ይስቅብሃል፣ ስምህ ይጠፋል፤ ልትታሰርም ትችላለህ። አላባብልህም። ብትታሰር በየቀኑ ቆጮና ማር ይዤልህ እመጣለሁ፤ እየሰደብኩህም ቢሆን አመጣለሁ። ልጁ ደግሞ ሁለታችንንም ይጠላናል። «ከጓደኞቼ ነጠላችሁኝ» ይላል። ይጥላን። በሕይወት ቆሞ ይጥላን፣ ዕድሜ ልኩን ይጥላን፣ በቀብሬ ቀን አይምጣ። ብቻ እኔ በሱ ቀብር ላይ አልቁም።

ብትመጣ ይቅር እልሃለሁ አልልም። ረውዳ «ጋሽ ኢሳያስ፣ ይህን እንኳ ባንጽፈው፤ ሰውዬው ተስፋ ቢቆርጥስ?» አለችኝ። ጻፊው ልጄ። ይቅርታ ለማግኘት ብሎ የሚመጣ ከሆነ ይቅርበት። ተድላ የሚመጣው ልጁ ስለሆነ ነው። መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ፤ ወደ ሐኪሙ ስትገባም ካጠገብህ አልርቅም። በፈለግኸው ጎንህ እቆማለሁ።

ትልቁ ዛፍ ላይ የሰቀልነው ቀፎህ አሁንም እዚያው ነው። ንቡ ሞልቶበታል፣ ከሥሩ ሲቆሙ ይሰማል። የቆረጠው የለም። እኔ ካንተ በቀር ማንም ከታች ቆሞ እንዲጠራኝ አልፈቀድኩም፤ አሁን ደግሞ ጉልበቴ አይወጣም። ካልመጣህ እዚያው ይበስብስ።

አንተ ታውቀዋለህ፣ ዛፍ ላይ ያለ ሰው ዝምታን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ። ሁሉም ደህና መስሎት ይረግጣል። ልጁ አሁን ዛፉ ላይ ነው ተድላ። እግሩን አንስቷል። ከታች ሆነህ ጩኽ።

አበልጅህ ኢሳያስ፣
ከማንኪራ

ረውዳ «በአውራ ጣትዎ ያትሙበት» አለችኝ፤ አልፈለግሁም። ድምፄን ታውቀዋለህ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ከላይ ጀምሪ፣ ስድቡንም ሳታስቀሪ። ቆይ፣ ቀኝ ጆሮዬን መጀመሪያ ልድፈን። እኔ አጥብቄ ነው የምደፍነው። ዓይኔንም ልጨፍን። ተነሽና ሱቁ ውስጥ እየዞርሽ አንብቢው ረውዳ፤ ከወዴት በኩል እንደሆንሽ ግን አትንገሪኝ።